ቀይ የተሰመረበት ሳቅ

ፖስተሩ ሲዘረጋ ቦት መጀመሪያ ያየው ቀዩን ቀለም ነው። ከጥግ እስከ ጥግ የተጋደመ ወፍራም የኤክስ ምልክት። ከምልክቱ ስር አንድ አፍ አለ፤ ዓይን የለው፣ ግንባር የለው፣ ከአፍንጫው በላይ ተቆርጦ የተጣለ የሰው አፍ። የታች የፊት ጥርሶች የሉትም። ድዱ እስኪታይ ተከፍቶ ይስቃል። ከላይኛው ከንፈር በስተግራ ትንሽ ጠባሳ አለች። ያቺን ጠባሳ ቦት ያውቃታል። ጢሙን በተላጨ ቁጥር ምላጩ ዞሮ የሚያልፋት ጠባሳ ናት።

የገዛ አፉ ነው።

በጋምቤላ ከተማ፣ በኒውላንድ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀቱን ቁልቁል ይተፋል። አግዳሚው ላይ የተደረደሩት የእናቶች ኅብረት ሴቶች የሚያራግቡበትን ወረቀት ባለበት አቆሙት። ፖስተሩን አዩ። ቀጥለው ቦትን አዩ። ደግሞ ተመልሰው ፖስተሩን። ኒውላንድ ውስጥ የማን አፍ ለማን ይጠፋል?

"ተርጉምላቸው እንጂ ቦት" አለ ማይክል። ማይክል የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ነው። አባቱ የዚሁ አገር ሰው፤ እሱ ግን አዲስ አበባ አድጎ የአባቱ ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍ ያለው፣ ጥርሱ ከላይ እስከ ታች ሙሉ የሆነ ወጣት። "'ጎጂ ልማድ አፍን እንዲህ ያደርጋል' በላቸው። ከዚያ ሲስተር ነጅሚያ ስለ አቦራረሽ ታሳያለች።"

የተማረ ሰው ሲሰድብህ ቀለል አድርጎ ነው። ሰደብኩት ብሎም አያስብ። አስተማርኩ ብሎ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

ቦት ወደ ነጅሚያ ዞረ። ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች፤ በአንድ እጇ የፕላስቲኩን መንጋጋ፣ በሌላው ለማሳያ የተሠራውን ትልቅ ብሩሽ ይዛ። ፊቷ ዐመድ መስሏል። ሰው የሚገረጣው አንድም ደንግጦ ነው፣ አንድም አጥፍቶ። ቦት ጥፋቱን መረጠ። ዕድሜውን ሙሉ የሚመርጠው እሱን ነው።

ደግሞስ ያ ፎቶ ከእሷ ስልክ በቀር የት ነበረና?

የተነሣው ፑኝዶ ነው። ከስደተኞች ጣቢያው አጠገብ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ስር ሴቶች ሰብስበው ሲያስተምሩ አንዲት ፍየል ከኋላ መጥታ የጥርስ ሳሙናውን ከነቱቦው ማኘክ ጀመረች። አረፋው በጢሟ ሲንጠባጠብ ነጅሚያ ትልቁን ብሩሽ ይዛ "ቆይ እንጂ አንቺ፣ መጀመሪያ ብሩሹ!" እያለች ተከተለቻት። ያን ጊዜ ቦት ሳቀ። እጁን ወደ አፉ ሳያነሣ፣ እንደ ልቡ ሳቀ። ነጅሚያ ዞር ስትል አየችው። ፍየሏን ትታ ስልኳን አወጣች።

"አጥፊው" አላት።

"አላጠፋውም" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፎቶው ተነጋግረው አያውቁም። ግን በተያዩ ቁጥር ሁለቱም ያስታውሱታል።

የቦት እጅ ወደ አፉ መሄድ የጀመረው ሰባተኛ ክፍል ሳለ ነው። የታች ጥርሶቹን በተወለደባት ማታር፣ ገና በልጅነቱ፣ እንደ አባቱና እንደ አያቱ አወለቁለት። አላለቀሰም። ጎበዝ ተብሎ ተዘፈነለት። ከዚያ ለትምህርት ወደ ጋምቤላ ከተማ መጣ። አንድ መምህር እንዲያነብ አስነሣው፤ አነበበ። "አንተ ልጅ፣ በር የለህም እንዴ? ቃሉ ሁሉ ያመልጥሃል" አለ መምህሩ። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። ቦት ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልገፋም። ያ መምህር ይህን ከረሳው ዓመታት ሆኖታል። ቦት ግን የዚያን ቀን መምህሩ የለበሰውን ሸሚዝ ቀለም ሳይቀር ይነግርሃል።

ከነጅሚያ ጋር ያገናኛቸው የሥራ እቅድ ነው። እሷ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ፣ የባለሱቁ የአቶ ፈረጅ ልጅ። እሱ የፕሮጀክቱ አስተርጓሚ፣ ድምፅ ማጉያም ተሸካሚ። በየሳምንቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። የቱ ማኅበር ይቅደም? የመስጊዱ ሴቶች መቼ ይመቻቸዋል? ጀልባ ጫኞቹን የት እናግኛቸው? "ከድድ መድማት እንጀምር" ስትል፣ "ከልጆቹ ጀምሪ፤ እናት ስለ ራሷ ድድ ብትነግሪያት መቼ ትሰማሻለች?" ይላታል። ትጽፋለች። ቀና ስትል ዓይኑን ይሰብራል። እሱ ቀና ሲል እሷ አቀርቅራለች። እንዲህ ሲሆኑ የዓመቱ እቅድ አለቀ፤ ፍቅራቸው ግን ገና መግቢያው ላይ ነበር።

የደፈረችው እሷ ናት። አንድ ቀን የፕላስቲኩን መንጋጋ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ "ሽማግሌ ላክ" አለችው።

"አባትሽ ይንቀኛል።"

"ብሎህ ያውቃል?"

"ማለት አለበት እንዴ?"

በሱቁ ደጃፍ ሲያልፍ ፈረጅ ሰላምታውን የሚመልስለት ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ነው። ሳሙና ሲገዛ ሳሙናውን ሰጥቶ ዝም ነው። ለቦት ያ ዝምታ ከመምህሩ ስድብ ይብስ ነበር። አንድ ቀንማ የጭነት መኪናውን ሱቁ ደጃፍ ያቆመ አብዱልባሲጥ የሚባል ነጋዴ ቦትን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ "አንተ ረጅሙ፣ ና እስቲ ይህን ጆንያ ጫን!" አለው። ቦት እኮ የሥራ ሸሚዝ ለብሶ፣ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር። ፈረጅ ሰምቷል። ምንም አላለም። ይህችን ቦት በሆዱ ቋጠራት።

አሁን ያ አብዱልባሲጥ ሽማግሌ ልኳል። ነጅሚያ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ሥራዋን ትታ ጅማ አጎቷ ዘንድ እንድትሄድ ተወስኗል፤ ኒካሑ እዚያ ይታሰራል። ከቦት ጋር የምትሠራው የዛሬው የመጨረሻ ነው። ዛሬ ይናገራል ብላ ነው የመጣችው። እሱም ዛሬ እናገራለሁ ብሎ ነው ሸሚዙን ያስተኮሰው። ግድግዳው ላይ የጠበቀው ግን ይህ ሆነ።

"ቦት፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው" አለ ማይክል እንደገና።

ቦት ድምፅ ማጉያውን መሬት አስቀመጠ። "አፌ ያው ግድግዳው ላይ ነው" አለ። "እሱ ይተርጉምላችሁ።"

ማይክል ፖስተሩን አየ፣ ቦትን አየ፤ ገና ያን ጊዜ ገባው። "አንተ ነህ እንዴ?" አለ። "እኔ እኮ... ከኮምፒውተሩ ውስጥ ጥሩ ፎቶ ስፈልግ፣ ጥራቱ ደህና ስለነበር..."

ጥራቱ ደህና ስለነበር! ቦት ወደ በሩ ሄደ።

"ቁም!" አለች ነጅሚያ። በሰው ፊት እንዲህ ጠርታው አታውቅም። "ሥራህን ሳትጨርስ አትሄድም። የምናገረው አለኝ። ተርጉምልኝ።"

ሥራውን ጥሎ ሄደ ከሚባል ቦት ቢሞት ይመርጣል። ተመለሰ። ከአጠገቧ ቆመ፤ አላያትም። ትከሻው እንደ በር ተዘግቷል።

"እናቶች" አለች ነጅሚያ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። "ይህን ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ።"

ቦት ይህን በኑዌርኛ አሳምሮ ተረጎመ። እንዲያውም ጮክ አድርጎ።

"ግን ለዚህ አላነሣሁትም። ለራሴ ነው። ይህ ሰው አፉን ሳይሸፍን ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲከፋኝ ስልኬን ከፍቼ አየዋለሁ።"

ቦት ጉሮሮውን ጠረገ። "ጥርስ በቀን ሁለቴ ይቦረሻል" አለ በኑዌርኛ። "ጠዋትና ማታ።"

ሴቶቹ ተያዩ።

"የፑኝዶን ፎቶዎች ለሪፖርት ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ስጭን እሱንም አብሬ ጫንኩት። ማውጣት ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ጥፋቴ ይህ ነው። አፉ የሚያሳፍር መስሎኝ ግን አንድም ቀን አያውቅም። አንድም ቀን!" እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

"ስኳርና ለስላሳ አታብዙ ትላለች" አለ ቦት፣ ጣሪያውን እያየ። "በተለይ ለልጆች።"

ከፊት አግዳሚ ላይ የተቀመጡት አሮጊት ማማ ኛቶክ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባሮ ዳር ዓሣ የሸጡ፣ ድምፃቸው ከወንዙ ማዶ የሚሰማ ሴትዮ። "ስማ አንተ" አሉት በኑዌርኛ። "ለስኳር ብሎ እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማማ ኛቶክ ወደ ነጅሚያ ዞረው በገበያ አማርኛቸው ቀጠሉ። "ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ይዋሻል። እኔ ዓሣ ለደገኛ ስሸጥ አማርኛ ሰምቻለሁ። አንቺ ልብ ታወሪያለሽ፣ እሱ ብሩሽ ያወራል።"

ነጅሚያ ወደ ቦት ዞረች። "ምንድን ነው ያልካቸው?"

"መልእክቱን።"

"የትኛውን መልእክት?"

"እቅዱ ላይ ያለውን።"

"እቅዱ!" አለች። የያዘችውን ብሩሽ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "ዓመት ሙሉ እቅድ ስናወጣ ከረምን ቦት! የሰው ሁሉ ድድና ጥርስ አቀድን። የራሳችንን ግን አንድ ቀን..."

ማማ ኛቶክ ተነሥተው ነጅሚያ ያለችውን ሁሉ ለሴቶቹ ተረጎሙላቸው። አልቀነሱም። እንዲያውም ትንሽ ሳይጨምሩ አልቀሩም፤ ምክንያቱም መካከል ላይ አንዳንዶቹ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ወደ ፖስተሩ ተጠጉና አፋቸውን ከፍተው ለማይክል አሳዩት። የእሳቸውም የታች ጥርስ የለም።

"በእኛ ጊዜ የታች ጥርሱ ያልወለቀ ሰው ሲስቅ ጅብ ነበር የሚመስለን" አሉት በአማርኛ። "አንተን ያን ጊዜ ባይህ እሮጥ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቼን አላስወልቅም። ደም አለ፣ በሽታ አለ፤ ዶክተር ነግራናለች፣ ሰምተናል። ግን የእኛ ጥርስ ወልቆ አልቋል። በእኛ ላይ ቀይ ቀለም ምን ይሠራል? ለማን ነው የምታስተምረው?"

ማይክል ፖስተሩን ከግድግዳው አውርዶ ጠቀለለ። እየጠቀለለ "ይቅርታ ቦት" አለ፤ ለቦት ግን ያም አልበቃውም። የቆሰለ ሰው ይቅርታ ስለተጠየቀ ወዲያው አይሽርለትም።

"አንተስ?" አለችው ነጅሚያ። እንባዋን አልጠረገችም። "ዛሬ እንኳ ለራስህ አትናገርም? ነገ እኮ የለሁም።"

ቦት አፉን ከፈተ። አማርኛው ጥሎት ጠፋ። ያ ቋንቋ ሲታዘዝበትና ሲሰደብበት የኖረ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ቃል ፈልጎ አጣበት። በኑዌርኛ ጀመረ። መጀመሪያ እየተንተባተበ፣ ኋላ እየፈጠነ፣ ዓይኗን እያየ ተናገረ። ከወር እስከ ወር የሰው ቃል ተሸክሞ እንደሚውል፣ የራሱን የት እንዳኖረው እንደጠፋበት፣ እሷ ስታቀረቅር የጸጉሯን መስመር እያየ ስንቱን ነገር በሆዱ እንዳወራት። አንዲቷ ሴት ልጇን ጡት እያጠባች ማልቀስ ጀመረች።

ሲጨርስ ነጅሚያ ማማ ኛቶክን አየች። "ምን አለ?"

ማማ ኛቶክ ትንሽ አሰቡ። "ጅማ አትሂጂ ይላል" አሉ። "ሌላ ብዙ አወራ። ትርጉሙ ግን እሱ ነው።"

ነጅሚያ በእንባዋ መካከል ሳቀች። "አሁን?" አለች ቀስ ብላ። "አሁን ነው የምትለኝ?"

"ዘመድ የለኝም" አለ ቦት በአማርኛ፣ አንገቱን ደፍቶ። "ዘመዶቼ ከድንበር ማዶ ናቸው። በእኛ ወንድ ብቻውን ሄዶ ሚስት አይጠይቅም። ማንን ልላክ?"

"እኛ ታዲያ ምንህ ነን?" አሉ ማማ ኛቶክ፣ ነጠላቸውን እያጠበቁ። "ተነሡ!"

የፈረጅ ሱቅ ሩቅ አይደለም። ሴቶቹ የተሰጣቸውን አዲስ የጥርስ ብሩሽ በእጃቸው እንደያዙ በፀሐዩ መንገዱን ሞልተው ሄዱ። ባጃጆች ጥሩንባ እየነፉ ዳር ዳሩን አለፏቸው። ነጅሚያ ከፊት ናት። ቦት ከኋላ፤ የሚጠብቀውን ስድብ አንድ በአንድ እያሰበ፣ ለእያንዳንዱ መልስ እያዘጋጀ። በዚህ እንኳ አይታማም።

ፈረጅ ስኳር እየመዘነ ነበር። ያን ሁሉ ሴት ሲያይ ሚዛኑን ለቀቀ። "ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?"

"ሰው አልሞተም" አሉ ማማ ኛቶክ። "ሽማግሌዎች ነን። ለዚህ ልጅ ልጅህን እንጠይቃለን።"

ፈረጅ ልጁን አየ። የሴቶቹን ብሩሽ አየ። በመጨረሻ ከኋላ አንገቱ ወጥቶ የሚታየውን ቦትን አየ።

"ቦት" አለ። "ወደዚህ ቅረብ።"

ቦት ደነገጠ። ሰውየው ስሙን የሚያውቅ አልመሰለውም ነበር።

"ልጄን መፈለግ ከጀመርክ ቆይቷል?"

"ቆይቷል።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?"

"ይንቁኛል ብዬ።"

"እኔ? ምን ብዬህ?"

"ምንም አላሉኝም" አለ ቦት፣ ብሶቱ ገንፍሎ። "ያ ነው እኮ! አብዱልባሲጥ ጆንያ ጫን ሲለኝ እዚህ ቆመው ነበር። ዝም አሉ!"

ፈረጅ የባንኮኒውን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ። "አንተ ከሄድክ በኋላ ምን እንዳልኩት አልሰማህም። እንግዳዬን ደጄ ላይ በሰው ፊት አላዋርድም። ዝምታዬ ላንተ ብቻ የተፈጠረ መሰለህ? ሚስቴን ጠይቃት፤ ከእሷም ጋር እንዲሁ ነኝ።"

ከሴቶቹ መካከል አንዳንዶቹ ሳቁ። ፈረጅ አልሳቀም።

"ሃይማኖት አለ" አለ። "ዘመድ አለ። ብትጠይቀኝ እምቢ ልልህ እችል ነበር። ግን ተጠይቄ እምቢ ልበላ! እኔ ሳልናገር ለራስህ የመለስከው አንተ ነህ። ትናንት ለአብዱልባሲጥ ሽማግሌዎች ቃሌን ሰጠሁ። ዛሬ ትመጣለህ። ቃሌን ልብላ? ምን አድርግ ነው የምትለኝ?"

ቦት ያዘጋጃቸው መልሶች ሁሉ ለስድብ ነበሩ። ለዚህ የሚሆን አንድም አልነበረውም።

"ቃሉ የአንተ ነው አባ" አለች ነጅሚያ። ድምፅዋ አሁን አይንቀጠቀጥም። "እኔን ማን ጠየቀኝ? ኒካሑ ላይ ግን ይጠይቁኛል። ያን ጊዜ የምመልሰውን ዛሬ ስማው፤ እምቢ ነው።"

ፈረጅ የስኳሩን ፌስታል ቋጠረው። ፈታው። ደግሞ ቋጠረው። ከዚያ ከባንኮኒው ወጥቶ ባዶ የለስላሳ ሳጥኖች እያወጣ ለሴቶቹ መቀመጫ ይገለብጥላቸው ጀመር።

"ለስላሳ ላምጣላችሁ?" አለ፣ ማንንም ሳያይ።

"ዛሬ ተከልክለናል" አሉ ማማ ኛቶክ። "ይሄው ልጅ ነው የከለከለን።"

ፈረጅ የመጨረሻውን ሳጥን አነሣ። አቧራውን በመዳፉ ጠረገ። ከቦት እግር ፊት አስቀመጠው።

"ተቀመጥ" አለ። እሺ አላለም። እምቢም አላለም። ተመልሶ ባንኮኒው ኋላ ገባና እጁን አገጩ ላይ አድርጎ መንገድ መንገዱን አየ።

ቦት ተቀመጠ። ጉልበቶቹ ደረቱ ድረስ መጡ። ነጅሚያ በሩ ላይ ተደግፋ ታየዋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ተስፋ አልቆረጠም፣ ይቅርም አላለም። የሚወቅሰው ሰው ፈለገ። ማይክል የለም። መምህሩ የለም። አብዱልባሲጥም ከነመኪናው የለም። ፊቱ ያለው አንድ የደከመው አባት ነው፣ ያውም መቀመጫ የሰጠው።

ስድብ ቢሆን ኖሮ ይችልበት ነበር።